ቀዛፊ ሲዘገይ ዝም የማለት ጥበብ

እንግሊዝ አገር ካያክ የሚቀዝፍ ቡድን «እስቲ ትንሽ እንያቸው» ባይ ወዳጅ አያጣም። እንደ እሱ መሆን የሚሻ ሰው ጓደኞቹ ሲነሡ በየት እንደሚያልፉ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ አይጠይቅም። «ከሰዓት ይመጣሉ» ይበቃዋል። ከሰዓት ሰፊ ነው፤ እስከ ማታ ይለጠጣል።

ሲዘገዩ ሰበብ ይደረድራል። ነፋስ ይዟቸው ይሆናል፤ ስልካቸው የተዘጋው ባትሪ አልቆ ነው፤ ደግሞ ጎበዞች ናቸው። (ጀማሪዎች ከሆኑ፣ ጀማሪ መቼም ቀስ ይላል።)

ቀጥሎ ለሁሉም ይደውላል፦ ለሚስቶቻቸው፣ ለክለቡ ሰብሳቢ፣ አምና አብሯቸው ለቀዘፈ ሰው። በአደጋ ጊዜ ቁጥር 999 ደውሎ «ኮስትጋርድ» (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ማለት ብቻ አይሞከርም። ሄሊኮፕተር ተነሥቶ ሰዎቹ መጠጥ ቤት ቢገኙስ? ሰው ምን ይላል? ፍለጋው እንደማያስከፍል፣ በቅን ልብ የደወለም እንደማይወቀስ ባያውቅ ይሻለዋል፤ ማወቁ ሰበብ ያሳጣዋል።

መዘግየቱ ለአዳኞችም ሥራ ይጨምራል። ማዕበል በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር የሚወስደው ሰው አቅጣጫው ካልታወቀ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይታሰሳል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 50።

እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1993 ስምንት ተማሪዎች፣ አንድ መምህርና ሁለት አሠልጣኞች ከእንግሊዟ ላይም ሪጂስ ከተማ ወደ ቻርማውዝ በካያክ ቀዘፉ። እኩለ ቀን ገደማ ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። ቀሩ። ለባሕር ጠረፍ ጥበቃው የተነገረው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ የባሕሩ ውኃ ደግሞ በዚያ ወር ከ10 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። አራት ታዳጊዎች ሞቱ። ኧረ ምኑ ነው የሚጠበቀው? ልጅ ውኃ ላይ ቀርቶ ሰዓት ይታያል? ጉዞውን ያዘጋጀው የስፖርት ማዕከል የቀድሞ አሠልጣኞች ስለ ደኅንነት ጉድለቱ አስቀድመው በደብዳቤ አስጠንቅቀው ነበር። የማዕከሉ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ በ1994 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል ታሰረ፤ በ1995 እንዲህ ያሉ ማዕከላትን የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ።

ወደ ምክሩ እንመለስ። ወዳጃችን ሲጨልም መደወሉ ካልቀረ፣ ዝርዝር እንዳያውቅ ይጠንቀቅ። «ስንት ናቸው?» ሲባል «ሦስት፤ አይ፣ አራት»። «የካያኮቹ ቀለምስ?» «ሰማያዊ መሰለኝ»። የተነሡበት ዳርቻ ስም ሲጠየቅ «አንዴ ይጠብቁኝ» ብሎ ስልኩን ይዘጋና ለክለቡ ሰብሳቢ ይደውላል።