«ወንበር ነው፣ ምን አለበት?»

የእድራችን ንብረት ያዥ ለድንኳኑ ወንበር ሊገዙ ተነስተዋል። ምን ዓይነት እንደሆነ ብጠይቃቸው «ወንበር ነው፣ ምን አለበት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቃሬዛም መተኛ ነው፤ ጤነኛ ግን አይተኛበትም።»

«አንተ ልጅ፣ ፕላስቲኩ ቀላል ነው። አምስት ስድስቱን ደራርቦ አንድ ጎረምሳ ይሸከመዋል።»

«ጎረምሳውማ ወንበሩን ችሎታል፤ ወንበሩ ነው ሰው መሸከም ያቃተው።»

ይህን ያልኩት ለምላሴ ብዬ አይደለም። ባለፈው ክረምት ልጃቸውን የቀበሩ እናት ዘጭ ሲሉበት የኋላ እግሩ ተከፍቶ ጭቃ ላይ ጣላቸው። ያን ያየ ሰው «ምን አለበት» ሲባል ዝም አይልም።

የፕላስቲኩን ወንበር ብልሃት አከብራለሁ። ፖሊፕሮፒሊን ቀልጦ በአንድ ቅርጽ ውስጥ ይገፋና ሙሉ ወንበር ሆኖ ይወጣል፤ የሚላላ ብሎን፣ የሚነቀል ምስማር የለውም። ፈረንሳዊው ሄንሪ ማሶኔ በ1972 እ.ኤ.አ. የራሱን ሲያወጣ አንዱ ወንበር ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም ነበር። ጠላቱ ፀሐይ ነው። መከላከያ ቅመም በደንብ ካልገባበት ጨረሩ ፕላስቲኩን ውስጥ ውስጡን ይበጣጥሰዋል፤ ገጹ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ መጉበጥ የለም፤ መሰበር ብቻ ነው።

«ድንኳን ውስጥ ምን ፀሐይ አለ?»

«ድንኳኑ ሲነሳስ፣ ጋሼ? ለቀስተኛው ሦስት ቀን ተጠልሎ ይሄዳል፤ ወንበሩ ዓመቱን ሙሉ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ተጣጣፊውን ብረት እንግዛ፤ ቀለሙም ያምራል።»

«ቀለሙን ይተዉትና እግሩን ገልብጠው ይዩልኝ።»

እግሩ ሥር ያለችው ጎማ ከወለቀች ውሃ በቱቦው ይገባና ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፤ ከውጭ ማንም አያየውም። ሁለተኛው ሕመም ማጠፊያው ነው። ጭነቱ የሚሰበሰበው ቱቦውን በስተው ባሳሱት ቦታ ላይ ነውና፣ ቀዳዳው ዙሪያ ተጨማሪ ብረት ይበየድበት። በክረምት ደግሞ ቀጭን እግር እንደ ካስማ መሬት ውስጥ ይገባል። የፊቱን እግር ከፊቱ፣ የኋላውን ከኋላው ጋር ከታች አግዳሚ ቢያያይዛቸው ጭቃው አይውጣቸውም።

«ታዲያ አራት እግር እያለው ለምን ይንገዳገዳል?»

«የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ይዞ የማይንገዳገደው ለምን ይመስልዎታል?»

ሦስት እግር ኮረት ላይም ቢሆን ሦስቱም መሬት ይነካሉ፤ አራተኛው ነው ደልዳላ ወለል የሚለምነው። ሆኖም ሦስት እግር ወደ ጎን ያዘነበለን ሰው ቶሎ ስለሚከዳ፣ ለአጭር በርጩማ እንጂ ለባለ መደገፊያ አልመክረውም።

ጋሼ በመጨረሻ «ለቅሶ ላይ ምቾት ማን ፈለገ?» አሉ።

«ሐዘኑ አንሶ ነው የወገብ ሕመም የምንጨምርላቸው?»

እስከ እኩለ ሌሊት የሚቀመጡት እኮ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። መቀመጫው ከፍ ካለ ጠርዙ ጭናቸውን ከሥር ይዞ እግራቸውን ያደነዝዛል፤ ዝቅ ካለ መነሳት ያቅታቸዋል። ጠርዙ ወደ ታች ይጉበጥ፤ ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ይኑረው። ጉልበቱ የደከመ ሰው የሚነሳው በክንዱ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ። «እሺ፣ ብየዳ ቤት አንድ ናሙና አሠራ። መጀመሪያ እኔ እቀመጥበታለሁ።»

«አይሆንም፣ ጋሼ። መጀመሪያ እኚያ እናት ይቀመጡበት።»