የቴሌቪዥን ሟርትን ለመገደብ በፊልቱ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሊበን ዞን ርዕሰ ከተማ በፊልቱ፣ ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ ኦዶ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ዲሽ በተሰቀለበት ቤት ሁሉ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠህ ኳስና ሩጫ የምታይ፣ ወንበር አጥተህ በመስኮት የምታጮልቅም ጭምር፣ ይህ አዋጅ ለአንተ ነው። የሚሮጠው ተስፋ ሳይቆርጥ ማይክሮፎን የያዘው ተስፋ እየቆረጠ ተመልካቹን ያስመረረ ስለሆነ፤ ሰላሳ ደቂቃ የቀረውን ጨዋታ በቁሙ መቅበር እንደ እውቀት መቆጠር ስለጀመረ፤ ይህም ልማድ ከስክሪኑ ወጥቶ ወደ ወንበሩ ስለተዛመተ፤ ከፍሎ የገባ ሰው ደግሞ ለጨዋታ እንጂ ለልቅሶ ስላልከፈለ፣ የሚከተለው ታውጇል።

ይህ አዋጅ «የቴሌቪዥን ሟርት መገደቢያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «ኮሜንታተር» ማለት ከለንደንም ሆነ ከአዲስ አበባ ጨዋታ የሚያስተላልፍ ሰው ሲሆን፣ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ስክሪኑን እየጋረደ፣ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ እየነቀነቀ «በቃ ተበላን» የሚለውንም ይጨምራል። የተከለከለው ጥፋትም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያላለቀን ነገር አለቀ ብሎ መፍረድ ነው። ሁለተኛው፣ ከተሳሳተው ምት ተነስቶ ወደ ሰውየው መሻገር፣ ማለትም «ኳሷን አርዝሞ መታት» ማለት ሲበቃ «ይህ ልጅ ድሮም ልብ የለውም» ማለት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ በስተቀር ያለው ወሬ ሁሉ፣ መራራውም ቢሆን፣ የተፈቀደ ነው።

ይህ ልዩነት ለዚህ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት ከድቶት ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር፣ መጥፎ ዜናና ሟርት አንድ አለመሆናቸውን ያውቃል። «በመጪው ወቅት ዝናቡ ከመደበኛው በታች ነው» የሚል የሜትሮሎጂ ትንበያ መጥፎ ዜና ነው፤ ግን የትኛውን ከብት ቀድሞ እንደሚሸጥ፣ ግመሎቹን ወደ ገናሌ ወይስ ወደ ዳዋ ወንዝ እንደሚነዳ ለመወሰን ይረዳዋል። «አንተማ አልቆልሃል» የሚለው ጎረቤት ግን ምንም የሚያደርግበት ነገር አልሰጠውም። ይህ አዋጅ ከኮሜንታተሩ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ዓይነት ንግግር ነው። ቡድኑ እየተሸነፈ ከሆነ ለምን እንደሚሸነፍ ይንገረን፤ የግራ ተከላካዩ ከመሀል አማካዩ ጋር ያለው ክፍተት ሰፍቶ እንደሆነ ያሳየን። እሱን እየሰማን ብናዝን ቅር አይለንም።

ሟርተኛ ስለመሳሳቱ ማስረጃ ለመጥራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአገራችን ሩጫ ታሪክ በሞላ የምስክር ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማራቶን ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ፣ ሁለተኛ የወጣው ገና በመንገድ ላይ ሳለ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን እያንቀሳቀሰ ያፍታታ ነበር። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሆኖ ፍርድ የሰጠ ሰው ፍርዱን ለማስተካከል እንኳ ጊዜ አልነበረውም። በ2019 በርሊን ላይ ቀነኒሳ በቀለ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ከመሪዎቹ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ተመልሶ ደረሰባቸው፣ አለፋቸው፣ በ2:01:41 ጨርሶ ከዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ አነሰ። አዳማ የተወለደችውና ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን በ2021 ቶኪዮ ላይ በ1500 ሜትር ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ወደቀች፤ ተነስታ ሁሉንም ቀድማ ገባች፣ በዚያው ቀን ማታም የ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች። በ2024 ደግሞ ለፓሪስ ማራቶን በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረው ታምራት ቶላ በሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። «ዋሪያ፣ ተጠባባቂ ምን ሊያመጣ ነው?» ያለ ካለ ስሙን አናነሳም፤ የአዋጁ መንፈስ ይቅር ባይ ነው።

እርግጥ፣ ለእያንዳንዱ ቀነኒሳ ኋላ ቀርተው በዚያው የቀሩ መቶ ሯጮች አሉ፤ ሟርተኛው በቁጥር ሲታይ ከሚሳሳትበት ይልቅ የሚያገኝበት ይበዛል። ይህንን አዋጁ አይክድም። ነገር ግን የኋለኛው ሯጭ ብዙ ጊዜ እንደሚሸነፍ ለማወቅ ማይክሮፎን አያስፈልግም፤ የማያውቀው ሕፃን እንኳ የለም። ኮሜንታተር የሚቀጠረው ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ሳይሆን ዛሬ፣ እዚህ፣ በዚህ እግርና በዚህ ትንፋሽ የሚሆነውን እንዲያይልን ነው። የሯጯ ትከሻ ተወጥሯል ወይስ ዘና ብሏል? እርምጃዋ አጥሯል? ወደኋላ ስንት ጊዜ ዞራ አየች? ይህን ማየት የደከመው ሰው ነው ወደ ፍርድ የሚሮጠው። ፍርድ ርካሽ ነው፤ ዝግጅት አይጠይቅም። ብዙ አስተላላፊዎች ደግሞ ስታዲየም ሳይሄዱ እኛ የምናየውን ያንኑ ስክሪን ከስቱዲዮ እያዩ ስለሚያወሩ፣ ካሜራው ያላሳየውን ሯጭ እነሱም አያዩትም፤ ክፍተቱን በስሜት ይሞሉታል። ዝግ ባለ ምስል ተደግሞ ሲታይ ስህተት ሁሉ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ ተጫዋቹ ለመወሰን ያገኘው ግማሽ ሰከንድ፣ ተቺው ያገኘው ስድስት ድግግሞሽ ነው።

የዚህ ጠባይ ትልቁ ሜዳ ጎልፍ ነው። በፊልቱ ጎልፍ የለም፤ ሣር ቢዘራ እንኳ ኳሷ ሳትደርስ ፍየል ይቀድማታል። ሆኖም ጨዋታው በዲኤስቲቪ ስለሚመጣ አዋጁ ይመለከተዋል። አንድ ሰው ለአራትና አምስት ሰዓት የሚጫወተው፣ ኳስ የሚመታው ደግሞ ለደቂቃዎች ብቻ በሆነበት ስፖርት የቀረውን ጊዜ ማን ይሞላዋል? ወሬ ነው የሚሞላው። እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሳል፦ «ሰውየው በእርግጥ አጥፍቶ ከሆነስ?» እ.ኤ.አ. በ1999 ካርኑስቲ ላይ ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ የመጨረሻውን ጉድጓድ በስድስት ምት ቢጨርስ የብሪታንያን ኦፕን ይወስድ ነበር። በጥንቃቄ ከመምታት ይልቅ ረጅሙን መረጠ፤ ኳሷ የተመልካች መቀመጫ መትታ ተመለሰች፣ ቀጥሎ ጅረት ውስጥ ገባች። ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆመ፤ ኳሷን እያየ ከውሃው ውስጥ ሊመታት አሰበ፣ ኋላ ሐሳቡን ቀየረ። በሰባት ጨረሰ፣ ዋንጫውንም በመለያው ለፖል ሎውሪ ለቀቀ። ምርጫው ስህተት ነበር፤ ስህተት ነው ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ምርጫውን ስህተት ላለ ሰው አዋጁ ጥበቃ ያደርግለታል። ሰውየውን ጅል ያለው ግን በሁለተኛው ጥፋት ይጠየቃል፤ እስከዚያች ጉድጓድ ድረስ ዓለምን በሦስት ምት ሲመራ የነበረው ያው ጅል ነበርና። አሜሪካዊው ጆኒ ሚለርም ለብዙ ዓመታት በማይክሮፎን አንደበቱ የማይምር ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የዩኤስ ኦፕንን የመጨረሻ ቀን በ63 ምት ጨርሶ ዋንጫ የወሰደ ሰው ነውና፣ ጭንቀት በእጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲያስረዳ ይደመጥ ነበር። የሚያስረዳ እስከሆነ ድረስ አንነካውም። ማስረዳቱን ትቶ ስም መለጠፍ ሲጀምር ሻምፒዮንነቱ አያድነውም።

«ይህ የመናገር ነፃነትን አይጋፋም ወይ?» የሚል ጠበቃም አይጠፋም፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 ይጠቅሳል፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ንም ያክላል። ልክ ነው። ለዚህም ሲባል ይህ አዋጅ የማንንም አፍ አይዘጋም፤ ሪሞቱን ብቻ ነው የሚያስከብረው። መናገር መብት ከሆነ አለመስማትም መብት ነው። ኮሜንታተር ማባረር ምን ዓይነት ስህተት እንደሚያመጣ ደግሞ ታይቷል። የጎልፍ ኮሜንታተሩ ጋሪ ማክኮርድ እ.ኤ.አ. በ1994 በማስተርስ ውድድር ስለ ኦገስታ ክለብ ሣር አንዲት ቀልድ ቀልዶ፣ የክለቡ ሰዎች በመቆጣታቸው ከዚያ በኋላ ውድድሩን እንዳያስተላልፍ ተደረገ። ቀልደኛው ተባረረ፣ ሟርተኞቹ ቀሩ። ፊልቱ እንዲህ ያለውን የተገለበጠ ፍርድ አትደግምም፤ ቀልድ በዚህ አዋጅ ያለ ቀረጥ ይገባል።

«እንግዲያው ጭብጨባ ብቻ እንስማ?» ለሚሉ፣ አይደለም። የተሸነፈውን ቡድን አሸነፈ የሚል አወዳሽ ከሟርተኛ አይሻልም፤ እሱም ሜዳውን ትቶ የልቡን ነው የሚያየው። ኢትዮጵያ በ1980 ዓ.ም. ሴካፋን በመለያ ምት ዚምባብዌን ረትታ ስትወስድ ደምሴ ዳምጤ ያስተላለፈው ጨዋታ እስከ ዛሬ የሚነሳው ስላሞገሰ አይደለም። አገሩን እንደሚደግፍ ሳይደብቅ፣ ጨዋታው ሳያልቅ አላለቀም የሚል ድምፅ ስለነበረው ነው። ወገንተኝነት አለው ብለህ ልትከስሰው ትችላለህ፤ ተስፋ ቆርጧል ብለህ ግን አትችልም።

አፈጻጸሙን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ጥፋት የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ጥፋተኛው ከኋላ ወንበር የሆነ እንደሆነ ሻይ ለሁሉም ይከፍላል። ለሁለተኛ ጊዜ ያጠፋ የራሱ የዓመቱ ትንበያዎች ተቀድተው፣ ከውጤቶቹ ጋር ተነጻጽረው ይነበቡለታል። ለሦስተኛ ጊዜ ያጠፋ በቀትር ከፊልቱ ወደ ነገሌ በሚወስደው መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ከጎኑ ሞተር ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሌላ ኮሜንታተር ከመጀመሪያው መቶ ሜትር ጀምሮ በድምፅ ማጉያ «አለቀለት፣ ድሮም ልብ የለውም» እያለ ይከተለዋል። ሯጩ ከጨረሰ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ተራውን ይወርዳል።

ይህ አዋጅ መብራት ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። መብራት እስኪመጣ በጄኔሬተር የሚታይ ጨዋታ ሲኖር፣ ሪሞቱ ለነዳጅ ብዙ ያዋጣው ሰው ዘንድ ይቆያል፤ ያ ሰው ራሱ ሟርተኛ ከሆነ ግን ነዳጁ ይወሰዳል፣ ሪሞቱ አይሰጠውም።