‹‹ሁሉንም በልቷል››፦ ስለ መገናኛ ደብተር ንባብና ትርጓሜ

የሕፃናት ማቆያ፣ በከተማው አፍ ‹‹ዴይኬር›› የሚባለው፣ ወላጆች ሥራ ውለው እስኪመለሱ ሕፃን የሚውልበት ቤት ሲሆን፣ ፊደል ከሚያስቆጥረው ከመዋዕለ ሕፃናት የሚለየው ደቀ መዛሙርቱ ገና መቀመጥና መዳህ በመማር ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ነው። ስለ ሕፃኑ ጠባይ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ ሕፃኑ ማቆያ በገባ ማግስት በቤተሰቡ ዘንድ ስለሚጀመረው የምርምር ሕይወት ግን ዝም ማለትን ስለመረጡ፣ ይህ ጥናት ያንን ክፍተት በመጠኑ ለመሙላት ይሞክራል።

ቤተሰቡን ወደ ማቆያው በር የሚያደርሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር የሚፈቅድ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ ይመክራል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ያለው ጊዜ በአብዛኛው የሚሞላው በዓመት ፈቃድ፣ በአያትና በአለቃ ቸርነት ነው። ለአባት በዚሁ አዋጅ የተፈቀዱት 3 ተከታታይ ቀናት ሲሆኑ፣ እነዚህም ገንፎው ተበልቶ የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች እስኪሸኙ ያደርሳሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ መደንገጉም ሊዘነጋ አይገባም፤ ድንጋጌው የደረሳት እናት በምሳ ሰዓት ደረጃ ወርዳ ልጇን አጥብታ ስትመለስ፣ ያልደረሳት ደግሞ ወተቷን መጸዳጃ ቤት ገብታ አልባ ትደፋለች።

ከማቆያው በፊት የቤት ሠራተኛ መቅጠር ይሞከራል። የዚህ መፍትሔ ጉድለት ለበዓል አገሯ የሄደች ሠራተኛ የምትመለስበት ቀን በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ የማይገኝ መሆኑ ሲሆን፣ ደመወዟን ያየ ሰው ግን አይፈርድባትም። ከዚያ የሚቀሩት አያት ናቸው። አያት ልጁ ማቆያ እንዳይገባ የሚያቀርቡት ክርክር መጀመሪያ ብርድ ነው፤ ብርዱ በሹራብና በኮፍያ መልስ ሲያገኝ ዓይን ይሆናል፤ ዓይኑ በማተብና በጤና አዳም መልስ ሲያገኝ ደግሞ ‹‹እኔ ሞቻለሁ?›› ወደሚለው ይሸጋገራል፤ ለዚህኛው እስካሁን መልስ አልተገኘለትም።

ልጁ በገባበት ሰሞን በበሩ ላይ የሚታየው ነገር ለሥነ ልቦና ሳይንስ እንግዳ አይደለም። ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በኡጋንዳ እናቶችንና ሕፃናትን ሲከታተሉ ከቆዩ በኋላ፣ በ1960ዎቹ በባልቲሞር ‹‹እንግዳ ሁኔታ›› በመባል የሚታወቀውን ሙከራ ነደፉ፤ ይኸውም አንድ ዓመት ገደማ የሆነውን ሕፃን በማያውቀው ክፍል ከማያውቃት ሴት ጋር ትቶ፣ እናቱ ስትወጣና ስትመለስ የሚያሳየውን ጠባይ በ20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ መመዝገብ ነው። በአዲስ አበባ ይኸው ሙከራ በየጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በየማቆያው በር ይካሄዳል። ልዩነቱ፣ በባልቲሞር ሕፃኑ አምርሮ ሲያለቅስ እናቱ ቶሎ እንድትመለስ ይደረግ ነበር፤ እዚህ ግን የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ አይጠብቅም። ስለዚህ ተሰርቆ መውጣት የሚባለው ዘዴ በሥራ ላይ ይውላል፤ ይህም ሞግዚቷ ልጁን በአሻንጉሊት ስታባብል እናት በጎን ሹልክ የምትልበት ሥርዓት ነው። በየማቆያው ‹‹ሚስ›› እየተባሉ የሚጠሩት ሞግዚቶች ‹‹እርስዎ ይሂዱ፤ ሲሄዱ ዝም ይላል›› ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እናት ግን ከቆርቆሮው በር ጀርባ ቆማ ዝም ማለቱን ካረጋገጠች በኋላ ዝም ያለበትን ምክንያት መመርመር ትጀምራለች።

ልቅሶው በጥቂት ሳምንታት የሚበርድ በመሆኑ ለረጅም ጥናት አይመችም። ቤተሰቡን ለዘለቄታው የሚይዘው መገናኛ ደብተር ነው። መገናኛ ደብተር ማለት በልጁ ቦርሳ ከቅያሪ ልብስ፣ ከዳይፐርና ከጡጦ ጋር ተጭኖ በየዕለቱ የሚመላለስ፣ ልጁ ውሎውን ራሱ መናገር ስለማይችል ሌላ ሰው በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች የሚመሰክርለት ጽሑፍ ነው። ‹‹ምሳውን ሁሉንም በልቷል። ጥሩ ተኝቷል። በጣም ተጫውቷል።›› ንባቡ ይህን ያህል ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ንባብ ብዙ ፍች ሲኖረው መምህሩ ፍቹን ‹‹አንድም›› እያለ እንደሚያወርድ ሁሉ፣ ማታ ልጁ ታጥቦ ከገባ በኋላ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጠው ጉባኤም ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

‹‹ሁሉንም በልቷል›› አለ፤ በቁሙ ነው። አንድም፣ ምሳው ከዕቃው ወጥቶ አልቋል፣ የገባበት ግን አልተገለጸም፤ የሹራቡ እጅጌ እስከ ክርኑ የካሮት ቀለም መያዙ ለዚህ ፍች ምስክር ነው። አንድም፣ ጎኑ የተቀመጠው ልጅ በልቶለታል። አንድም፣ እሱ ራሱ የጎረቤቱን ምሳ በልቷል፤ ኪሱ ሲፈተሽ በዚህ ቤት ያልተቀቀለ መኮሮኒ ተገኝቷልና። ‹‹ጥሩ ተኝቷል›› የሚለው ብዙ አያከራክርም፤ ‹‹ጥሩ›› ማለት ‹‹ለረጅም ሰዓት›› ማለት መሆኑን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያጨበጭበው ልጅ ራሱ ያስረዳል። ከሁሉ የሚከብደው ‹‹በጣም ተጫውቷል›› ነው። አንድም፣ ነክሷል። አንድም፣ ተነክሷል። ክንዱ ላይ የጥርስ ማኅተም ከተገኘ ሁለተኛው ፍች ይጸናል፤ ካልተገኘ ግን የመጀመሪያውን ማንሳት የቤቱን ሰላም ስለሚያውክ ይታለፋል።

በጎንደር የትርጓሜ ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው እንደሚለዩ፣ በዚህም ጉባኤ ወገን መለየቱ አልቀረም። አባት ደብተሩ በልቷል ካለ በልቷል ባይ ናቸው፤ ይህ አቋም ከእምነት ይመነጭ ወይም ከዜና ሰዓት መድረስ፣ ጥናቱ እርግጠኛ ለመሆን አልቻለም። እናት ምሥጢር ፈላጊ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፉ ከትናንቱ መለየቱን፣ ‹‹በጣም›› የሚለው ቃል ከሰኞ ጀምሮ መጥፋቱን ያስተውላሉ። አያት ንባቡ ሁለት ጊዜ እንዲነበብላቸው ያደርጉና፣ ልጁን ብድግ አድርገው በክንዳቸው መዝነው ‹‹ከስቷል›› ሲሉ ጉባኤው ይበተናል። በ9ኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት በሄደበት ጤና ጣቢያ ልጁ ኪሎ መጨመሩ በካርዱ ላይ ቢጻፍም፣ አያት የጤና ጣቢያው ሚዛን መሠራት እንዳለበት ከማሳሰብ አልፈው አቋማቸውን አልለወጡም።

ትርጓሜ የቤተሰቡ ርስት ብቻ እንዳይመስል፣ በማቆያው በኩል ያለውን ሊቅነትም መመልከት ይገባል። በዚያው ደብተር ከቤት የሚጻፍ ንባብ አለ፤ ‹‹ደኅና አድሯል›› ይላል። ሚስ ይህንን ስታነብ በቁሙ አትወስደውም። አንድም፣ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሯል፤ አንድም፣ ከቤት ሲወጣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ተሰጥቶታል ብላ ትተረጉማለች። ጉንፋን የሚያስይዙት ራይኖ ቫይረሶች ብቻ ከ100 በላይ ዓይነት ስለሆኑ፣ ልጁም ከሁሉም ጋር ገና በመተዋወቅ ላይ ስለሆነ፣ ይህ ፍች ብዙ ጊዜ አይስትም። የታመመ ልጅ ቤቱ ይዋል የሚለውን የማቆያውን ደንብ ወላጆች የማይቀበሉት ሆኖ አይደለም፤ ደንቡ ቤት የሚውል ሌላ ሰው አለ ብሎ ስለሚያስብ እንጂ። ሽሮፑ የሚሠራው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ በመሆኑ፣ ጠዋት በ1 ሰዓት የተጻፈው ‹‹ደኅና አድሯል›› ምሳ ሰዓት ገደማ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያን ጊዜም ስልክ ይደወላል።

በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ የአባት ስልክ ቁጥር በመጀመሪያው መስመር፣ የእናት በሁለተኛው መስመር ተሞልቶ ሳለ የሚደወለው ለእናት ነው። አባት ይህንን ሲሰሙ ከልብ ይደነቃሉ፤ ቁጥራቸውን ግን ማንም እንዳልሞከረው ለማረጋገጥ ወደ ማቆያው የሄዱበት ጊዜ አይታወቅም። ሚስ በስልክ ‹‹ትንሽ ሞቅ ብሎታል›› ትላለች፤ ትርጓሜው 39 ዲግሪ ነው። እናት ቦርሳዋን አንጠልጥላ አለቃዋ ቢሮ ገብታ ‹‹ለአንድ ሰዓት ብቻ›› ትላለች፤ የዚህ ንባብ ትርጓሜ በመሥሪያ ቤቶች ሁሉ የታወቀ ስለሆነ እዚህ መዘርዘር አላስፈለገም።