ለማይነበብ ታፔላ የቀረበ መከላከያ

ታፔላ የሚሰቀለው እንዲነበብ ነው የሚል እምነት ዓለምን ይዟታል። የሙያው ሊቃውንት ሕጉን በሴንቲሜትር ሳይቀር ሰፍረውታል። አንባቢው በራቀ በየ3 ሜትሩ የፊደሉ ቁመት 2.5 ሴንቲሜትር ይጨምራል፤ ከአስፋልቱ ማዶ 30 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ፊደሉ 25 ሴንቲሜትር መድረስ አለበት። ቃሉ ጥቂት፣ ቀለሙ ከመደቡ ጋር የማይመሳሰል፣ ማታም መብራት ያለው ይሁን ይላሉ። እነዚህን ሰዎች ከልብ አከብራለሁ። ጉድለታቸው አንድ ብቻ ነው፤ አንዳቸውም ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ እንጀራ ቤት ከፍተው አያውቁም።

ስለዚህ ዛሬ የቆምኩት ለተከሳሹ ነው፤ ለጠመመው፣ ለደበዘዘው፣ ፊደል ለጎደለው የዴም የሀበሻ ታፔላ። ክሱ «አያገለግልም» የሚል ነው። መከላከያዬ ደግሞ፣ ያገለገለው ስላልተነበበ ነው የሚል ነው።

ሱዳኖቹ ዲዩም፣ የኛ ሰው ዴም የሚለው ሰፈር ከካርቱም መሃል ወደ ደቡብ ሲወርዱ ይገኛል። ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ ካርቱም የኛን አትቆጥርም) በስደት የወጣውም፣ እንጀራ ፍለጋ የሄደውም፣ ወደ ሊቢያ ለመሻገር ቀን የሚጠብቀውም ያረፈበት ሰፈር ነው። ሰው ባረፈበት ቦታ ሽሮ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ጸጉር ይሠራል፣ በርበሬ በኪሎ ይሸጣል። ለዚህ ሁሉ ታፔላ ያስፈልጋል ተብሎ ይታሰባል።

ታዲያ ዴም ውስጥ ታፔላ የሚያነብ ማን ነው? ደንበኛው አያነብም። «እትዬ፣ ሽሮ የሚበላበት የቱ ጋ ነው?» ብሎ የጠየቀ ጎረምሳ «የርክሻ ማቆሚያውን እለፍና አረንጓዴ በር ታያለህ፤ እሱ አይደለም፣ ቀጥሎ ያለው ነው» ይባላል። ሄዶም ያገኘዋል። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ታፔላውን እስከ መጨረሻው ፊደል የሚያነብ ሰው ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ የመሐሊያው (የአካባቢ አስተዳደሩ) ገንዘብ ሰብሳቢ፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሚጠይቀው ፖሊስ፣ ኪራይ ከመጨመሩ በፊት የቤቱን ገበያ የሚመዝነው አከራይ። ሊቃውንቱ ባለ25 ሴንቲሜትር ፊደል አዘጋጁ የሚሉን ለእነዚህ ነው። ማታም አብሩላቸው ይላሉ።

በስያሜ ልጀምር፤ ትልቁ ስም ማጥፋት የተፈጸመው እዚያ ላይ ነውና። ሀበሻ ከአገሩ ሲወጣ ለቤቱ የሚመርጠው ስም ከጥቂቶች አይዘልም፤ «ሀበሻ»፣ «ላሊበላ»፣ «አክሱም»፣ «ሉሲ»፣ ሲከፋው ደግሞ «አዲስ አበባ»። ተቺዎች ይህን የፈጠራ ድህነት ይሉታል። ነገሩን በጥሞና ያየ ሰው ግን የመከላከያ ጥበብ ሆኖ ያገኘዋል። አንድ ክፉ ጎረቤት ሄዶ «ላሊበላ የሚባለው ቤት ኢቃማ የሌላት ሠራተኛ አለች» ብሎ ጠቆመ እንበል። ፖሊሱ የመጀመሪያውን ላሊበላ ይፈትሻል፤ ወረቀቱ ሙሉ ነው። ሁለተኛው ላሊበላ ጸጉር ቤት ሆኖ ያገኘዋል። ሦስተኛው ላሊበላ ደርሶ ቡና ሲቀርብለት ፀሐይ ትጠልቃለች። «ትርንጎ የባህል ምግብ አዳራሽ» ብሎ አንድ ለእናቱ የሆነ ስም ያወጣ ብልህ በዚያው ቀን ከረፋዱ ላይ ይገኛል።

አጻጻፉም እንደዚያው ተወቅሷል። ዐረብኛው ከቀኝ ይነሳል፣ አማርኛው ከግራ። ሁለቱም በእኩል ቅንነት ወደ መሃል ይገሰግሱና በሩ አናት ላይ ይጋጠማሉ፤ ቦታ ሲጠባቸው አንዱ ፊደል ይጥላል። የሚጥለው አማርኛው ነው፤ ጻፊው፣ ኸጣጡ፣ ሱዳናዊ ስለሆነ በብራና ዘመን እንደነበረ ደቀ መዝሙር የተሰጠውን ወረቀት አክብሮ ይገለብጣል። ወረቀቱ ላይ የቡና ጠብታ ከነበረች ጠብታዋም ነጥብ ሆና ቆርቆሮው ላይ ትወጣለች። አማርኛ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ፣ ባነር በማሽን መታተም ከጀመረ ወዲህ ይህ ትጋት እየጠፋ ነው። በምትኩ ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ይቀርና በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ታትሞ ይመጣል። ዘጠኝ ባዶ ሣጥን ተደርድሮ «እንኳን ደህና መጡ» ማለት ነው። የገባው ይገባል፣ ያልገባው ያልፋል። ከዚህ የተሻለ ደንበኛ መምረጫ ማን አለው?

የጸጉር ቤቶቹ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል። «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ይለጠፋሉ። በኛ ንባብ፣ ግራ ላይ ያለችው የተጎሳቆለች ሴት ቀኝ ላይ ሽሩባዋን ተሠርታ ታበራለች። ከቀኝ ለሚያነብ ሱዳናዊ ደግሞ ያማረች ሴት ገብታ ተጎሳቁላ ትወጣለች። ይህን እንደ ኪሳራ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን በሁለቱም አቅጣጫ የቤቱን ኃይል የሚመሰክር ማስታወቂያ ሌላ አላውቅም። አስተካክሉት የሚባል ከሆነ ፎቶዎቹ ከላይ ወደ ታች ይደርደሩ፤ ከላይ ወደ ታች የማያነብ ሕዝብ የለም። ግን ያን ጊዜ ታፔላው ከበሩ ይረዝማል።

የሥራ ሰዓት መጻፍን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ አይጻፍ። «ከ2 ሰዓት ጀምሮ» ብሎ የጻፈ ሀበሻ የተናገረው ስለ ጠዋት ነው፤ ሱዳናዊው ደንበኛ ግን ምሳውን ዘሎ ከቀትር በኋላ ይመጣል። በዚህ ላይ የሱዳን መንግሥት በጃንዋሪ 2000 የአገሩን ሰዓት በአንድ ሰዓት አስቀደመው፤ ከአዲስ አበባም ጋር እኩል ሆነ። በኖቬምበር 1 ቀን 2017 ደግሞ መልሶ ወደኋላ አደረገው። በዚያ ቀን ካርቱም ውስጥ ሰዓቱን በትልልቅ ቁጥር ያስቀባ ባለሱቅ ሁሉ በአዋጅ ስህተተኛ ሆኖ አደረ። ያልጻፈው በሰላም ተኛ። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ቀን ምግብ ቤት ስለሚዘጋ የቱም ሰዓት አይሠራም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ካርቱም ከኤፕሪል እስከ ጁን 40 ዲግሪን እንደ ዋዛ የምታልፍ ከተማ ናት። ፀሐይ አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ የምትበላው ቀዩን ነው፤ ሰማያዊና ጥቁር ይዘገያሉ። የኛ ሰው ደግሞ ታፔላውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሳያደርግ አይተኛም። በሁለተኛው በጋ ቀዩ ሮዝ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሮዙ ይሄዳል። ይህን ጉዳት አትበሉት። ስደተኛ ወገናችን በሰንደቁ መሃል ኮከብ ይኑር አይኑር እያለ ብርጭቆ የሚወራወር ሕዝብ ነው፤ ፀሐይቱ ሰንደቁን ራሱን ስታነሳው ጠቡም አብሮ ይነሳል። የቀረውን ሀቡብ ይጨርሰዋል። ያ ግድግዳ የሚያህል የአቧራ ማዕበል ካለፈ በኋላ ሱቁ፣ መስጊዱ፣ ሚኒስቴሩ፣ ላሊበላ ቁጥር ሦስት ሁሉም አንድ ዓይነት ቡኒ ቀለም ተቀብተው ይገኛሉ። የቀለም አይነት ለመምረጥ ባለሙያ የቀጠረ ሰው በዚያ ጧት ገንዘቡን ያስባል።

መብራት ያለው ታፔላ ለሚመኙም አንድ ነገር ልበል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ታፔላ አብርቶ መቆም ጄኔሬተር እንዳለህ ማወጅ ነው። ጄኔሬተር ያለው ደግሞ ገንዘብ አለው ይባላል። ገንዘብ አለው ከተባለ ወዲያ ያሉት ጎብኚዎች ቀደም ብለን የቆጠርናቸው ሦስቱ ናቸው።

ማስረጃዬን በዴም ብቻ አልወስነውም። በካርቱም ውስጥ ምንም ታፔላ የሌለው ታላቅ ንግድ አለ። ሲት ሻይ የምትባለው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ምድጃዋን ተክላ ሻይና የጀበና ቡና የምትሸጠው ሴት፣ ሱዳናዊት ሆነች ሀበሻ፣ ያላት ዝንጅብልና ቅመም፣ ከሰል፣ በንበር የሚባሉ ጥቂት ዝቅተኛ መቀመጫዎች ብቻ ነው። በንበሩ መሬት ላይ ከተቀመጠ ሱቁ ተከፍቷል፤ ከተነሳ ተዘግቷል። «ከሻ!» ተብሎ ሲጮህ፣ የባለሥልጣኑ መኪና ዕቃ ሊወርስ ሲመጣ፣ ሱቁ ተጠቅልሎ በእጅ ይሸሻል። ባለታፔላው ታፔላውን እየነቀለ ሳለ እሷ ሌላ ዛፍ ሥር ውሃ ጥዳለች። የእነዚህን ሴቶች ማኅበር ያደራጀችው አወዲያ ማሕሙድ ኮኮ በ2016 የአሜሪካ መንግሥት በዓለም ዙሪያ ለጀግና ሴቶች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብላለች። ለታፔላ ሠሪ ማኅበር ይህን ያህል ክብር ሲሰጥ አልሰማሁም።

ደግሞስ እኛው የታፔላን ጥበብ ከማን ልንማር ነው? በአገራችን ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ይደፋና ያ ብቻ ይበቃል። ፊደል የለ፣ ስልክ ቁጥር የለ፣ «በዓይነቱ ልዩ» የሚል የለ። ያልተማረውም ያነበዋል፣ የጠጣውም ያነበዋል፤ ይህን ሁለተኛውን አንባቢ በ25 ሴንቲሜትር ፊደል አስነብባለሁ የሚል ሊቅ ይምጣ። ጣሳው ካርቱም ላይ ለመሰቀል አልታደለም። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ነሜሪ በሴፕቴምበር 1983 የሸሪዓ ሕግ አውጆ መጠጡን ዓባይ ውስጥ ካስደፋ በኋላ ጣሳ መስቀል ማለት ራስን መስቀል ነበር። ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተፈቀደው በ2020 ነው። በመሃሉ ባሉት 37 ዓመታት ጠጪው ያለ አንዳች ምልክት ቤቱን አላጣም፤ ይህም ለክርክሬ የተጻፈ ያህል ነው።

ከተማዋ ራሷም ብትሆን ከማይነበብ ምልክት ነው የተሠራችው። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ኪችነር ከ1898 በኋላ ካርቱምን እንደገና ሲያስቀይስ መንገዶቹን የእንግሊዝ ሰንደቅ ቅርጽ እንዲይዙ አደረገ ይባላል። መሬት ላይ የሚሄድ ሰው ይህን አያይም። ለመንገደኛው የቀረለት በየመስቀለኛው መዞር ብቻ ነው፤ ምልክቱን የሚያነበው ጭልፊት ነው። አንድ ኢምፓየር በከተማ ስፋት የማይነበብ ታፔላ ሰቅሎ እንደ ታላቅ ሥራ ከተቆጠረለት፣ የኛ ሰው በአንድ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ያደረገው ምን ያስወቅሰዋል?

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ሱቅ ያለ ታፔላ መኖር እንደሚችል ሲት ሻዮቹ አስረድተውን ነበር፤ ታፔላ ያለ ሱቅ መኖር እንደሚችል ያስረዳው ግን ጦርነቱ ነው። ከሀበሻው ብዙው በገዳሪፍ አድርጎ በመተማ ገባ። ሰው የሚይዘው ልጅና ወረቀት ነበር፤ ቆርቆሮ ይዞ ድንበር የተሻገረ ካለ አልሰማሁም። ሠራዊቱ በማርች 2025 የከተማዋን መሃል መልሶ ሲይዝ አንዳንዱ ታፔላ ገና ከግድግዳው ላይ ሆኖ፣ ለማንም፣ «ምሳ ደርሷል» ማለቱን አላቆመም ነበር። የሙያው ሊቃውንት ዘላቂ ማስታወቂያ የሚሉት ይህ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ሱዳኖቹ በተራቸው አዲስ አበባ መጥተዋል። ፉል ቤት ይከፍታሉ፣ በሩ ላይ ዐረብኛ ያስጽፋሉ፣ ሀበሻው ጻፊ ከወረቀት ይገለብጥላቸዋል፤ ዘንድሮ ፊደል የሚጥለው ዐረብኛው ነው። ከተማዋ በኮሪደር ልማቱ ፊቷን እያስተካከለች ባለችበት ጊዜ ስለ መጠን፣ ስለ ቀለምና ስለ መብራት የሚመክራቸው አያጡም፤ እኔ የምጨምረው ስለ አሰቃቀሉ ብቻ ነው። ግድግዳው በድሪል አይበሳ። በአራት ብሎን የታሰረ ታፔላ ሲነቀል መሰላል፣ ቁልፍና ግማሽ ቀን ይጠይቃል፤ አከራዩም የተበሳውን ግድግዳ ከቀብዱ ላይ ይቆርጣል። ሽቦ ይበቃል። ውፍረቱን ባለብረታ ብረቱ ሲጠይቃቸው ሜትሩን ሳይሆን የኪራይ ውላቸውን አውጥተው ያሳዩት፤ የስድስት ወር ውል ላለው ቀጭኑ ይሆነዋል።