በከሰላና በገዳሪፍ ቀለም ረጪዎች ላይ የወጣ የእረፍት ሰዓት አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከጋሽ ወንዝ ዳር እስከ ገዳሪፍ ገበያ፣ በኤሌክትሪክ የቀለም መርጫ ማሽን እንጀራችሁን የምትበሉ የሐበሻ ልጆች ሁሉ፦ ካህረባ (መብራት) በሄደ ቁጥር ራኩባ (ዳስ) ሥር ተቀምጣችሁ የአለቃችሁን ገንዘብ የምትበሉ መሆናችሁ በመረጋገጡ፣ ይህም ልማድ ሥር ሳይሰድ መታረም ያለበት በመሆኑ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ሃቡብ (የአቧራ አውሎ ነፋስ) ሲነሳ ቀለም አይረጭም።

አንቀጽ 2። ማስክና መነጽር ይደረጋል። ማስኩ አንድ ስለሆነ ተራ ይጠበቃል።

አንቀጽ 3። ግድግዳ ከመረጨቱ በፊት አቧራው ይጠረጋል። ማን እንደሚጠርገው ይታወቃል።

አንቀጽ 4። መብራት በሄደበት ሰዓት ሠራተኛው እንዳረፈ ይቆጠራል፤ ሒሳቡም ይቆረጣል።

4.1 «እረፍት» ማለት ማሽኑ የማይጮኽበት ጊዜ ሁሉ ነው። የሠራተኛው እጅ በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ እንደነበር አይጠየቅም።

4.2 በንዑስ አንቀጽ 4.1 የተደነገገው ቢኖርም፣ ማሽኑ ጸጥ ያለው አለቃው ስልክ ስለያዙ ከሆነ ሥራ ነው፤ የእሳቸው።

4.3 መብራቱ እንደሄደ ማሽኑን ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል እረፍት ነው። ይህ ካልተደረገ ካህረባው ድንገት ሲመለስ ፓምፑ ማንም ሳይነካው ስለሚነሳ፣ ያላደረገ ይቀጣል። ያደረገም አርፏል።

4.4 ቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት ማውጣት እረፍት ነው። መብራት ሲሄድ ግፊቱ አብሮት አይሄድም። የመኪና ጎማ ቢበዛ ከ2 ባር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ይህ ቱቦ 200 ባር ይይዛል። ስለዚህ የመርጫው ሽጉጥ ምላጭ ይቆለፋል፣ ቫልቩ ወደ መመለሻው ይዞራል፣ ከዚያ ምላጩ ተከፍቶ ሽጉጡ ወደ ባልዲ ይተኮሳል፣ እንደገና ይቆለፋል። በዚህ መሀል እጁ የተንቀጠቀጠ ሠራተኛ በእረፍቱ በአግባቡ አልተጠቀመም።

4.5 ኖዝሉንና ማጣሪያውን ፈትቶ መዘፍዘፍ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጠብም እረፍት ነው። ቀለሙ የዘይት ከሆነ በቲነር ስለሚታጠብ እረፍቱ ራስ ያዞራል። በከሰላ የ40 ዲግሪ ሙቀት ቀለም ኖዝል ውስጥ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ደርቆ የተገኘ ኖዝል ዋጋው ካረፈው ሰው ላይ ይታሰባል።

4.6 ማጠቢያ ውሃ ከአህያ ጋሪ ማምጣት እረፍት ነው። በራስ ኪስ ከሆነ መዝናኛ ነው።

4.7 ልዩ ሁኔታ፦ ከ4.3 እስከ 4.6 ያሉት ሲፈጸሙ የአለቃው የወንድም ልጅ እጁን ኪሱ ከትቶ ካየ፣ ይህ ቁጥጥር ስለሆነ ይከፈለዋል።

4.8 የልዩ ሁኔታው ልዩ ሁኔታ፦ ተኝቶም ከሆነ ይከፈለዋል።

4.9 «መብራት የለም፣ ማሽኑ ሞቷል፣ ቶሎ ጥረገው» የተባለ ልጅ ጣቱን ኖዝሉ ላይ አሳርፎ ቀለሙ ቆዳውን በስቶ ቢገባ፣ ቀዳዳው መርፌ የወጋው ስለሚመስል እንደ ጉዳት አይቆጠርም፤ በፕላስተር ይሸፈናል።

ተዉ እንጂ! አይሸፈንም። በዚያች ቀዳዳ የገባ ቀለም የጅማቱን መንገድ ይዞ መዳፍ ድረስ ይዘልቃል። መጀመሪያ ላይ ላያም ይችላል፤ ሰዎች የሚሞኙት እዚያ ላይ ነው። በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ ካልታጠበ ጣት ያስቆርጣል። ሐኪም ቤት ሲደረስም «ተወጋሁ» ሳይሆን «ከፍተኛ ግፊት ያለው ቀለም ገባብኝ» ነው የሚባለው። የእኛው ልጅ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲቀርብ አለቃችን ምን ጠየቁት? ያመው እንደሆነ አይደለም። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የተወጋኸው?» አሉት። ነገራቸው። መብራት የሄደበት ሰዓት ሆነና «እንግዲያ በእረፍትህ ነዋ!» ብለው ደብተራቸውን ዘጉ። የሐኪሙን ያዋጣነው እኛ ነን፤ ያም ከተቆረጠልን ላይ።

ወደ አዋጁ እንመለስ።

አንቀጽ 5። ካህረባ ለሚሄድበት ምክንያት ተጠያቂው ሠራተኛው ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተጀመረው ጦርነት እንደ ምክንያት አይቀርብም። ተከዜ ከአገራችሁ ወርዶ የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ይገባል፤ ግድቡም በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 320 ሜጋ ዋት ተብሎለታል። ከጎንደር በመተማ የሚመጣው መስመርም ገዳሪፍ ይደርሳል። ውሃውም ሽቦውም ከእናንተ ዘንድ እየመጣ መብራት ሲጠፋ ታዲያ ማንን እንጠይቅ?

አንቀጽ 6። የተሻሩ ሕጎች። አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት ይጠብቅ የሚለው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፓስፖርት ስለሌለው መተማ ኬላ ላይ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. የ1997 የሱዳን የሥራ ሕግ በቀን 8 ሰዓት ይላል፤ ስምንቱ የትኞቹ እንደሆኑ አለቃው ይመርጣሉ።

አንቀጽ 7። ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

በዚሁ መሠረት፣ ጋሼ፣ ካህረባ አሁን ሄዷል። ሶኬቱን ነቅለናል፣ ግፊቱንም አውጥተናል፤ ይህን ያደረግነው ለጣታችን ብለን ነው። ኖዝሉ፣ ማጣሪያውና ቱቦው ቀለም እንደያዙ ፀሐይ ላይ ናቸው። እኛ አርፈናል።