ሟቹ ያልመጣበት ለቅሶ

ነገሩን ያስጀመረው ዚፕ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ የጥቅምት ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሃያ ዓመት ዊስኮንሲን ከኖረ ሐበሻ ወዳጁ ጋር ጫካ ገባ። ወዳጁ በቀስት አጋዘን አዳኝ ነው፤ ጸሐፊው ተመልካች። ግማሽ ሰዓት ያህል ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበሉ፣ ደረቅ ቅጠል ላለመርገጥ እንደ ሌባ እየተራመዱ ሄዱ። ጸሐፊው አንዴ ቢያስለው ወዳጁ በክርኑ ጎሰመው። በመጨረሻ ከጫካው ዳር፣ ሣሩ መሃል፣ የዘበኛ ቤት የሚያህል ድንኳን ተገትሮ ጠበቃቸው። ወዳጁ ጎንበስ አለና በሩን ከፈተ። ዝርርርርርር! በዚያ አካባቢ ጆሮ ያለው ፍጥረት ሁሉ መርዶውን ሰማ። ከዚያ ወንበሩ ሲጢጥ አለ፣ የመስኮቱ ማያያዣ ቋ አለ፣ የፔርሙዙ ክዳን ተንኳኳ። ሁሉም ከተሰናዳ በኋላ ወዳጁ ወደ ጸሐፊው ጆሮ ተጠግቶ፣ "በል እንግዲህ፣ አሁን እንዳትተነፍስ" አለው።

ይሁንና ማድፈጫ ድንኳንን የሚያንቋሽሽ ሰው ምስጋና ቢስ ነው። የሰው ልጅ ስንት ሺህ ዘመን ከዛፍ ጀርባና ከቁጥቋጦ ሥር፣ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ አድፍጦ ሲሰቃይ ኖሮ እነሆ ተገላገለ። ቁጥቋጦ ምን አለው? ጣሪያ የለው፣ መስኮት የለው፣ ስኒ ማስቀመጫ የለው። ድንኳኑ ግን ከነሻንጣው አሥር ኪሎ ገደማ ነው፤ በጀርባ ይታዘላል። በአራቱ ግድግዳዎችና በጣሪያው መሃል ቀጫጭን የፋይበርግላስ ዘንጎች የሚገናኙበት እምብርት አለ። የእምብርቱን ማሰሪያ ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ግድግዳው ጧ ብሎ ወደ ውጭ ይወጠራል። አምስት ጊዜ ጧ፣ ቤት ተሠራ።

ሌላም ዓይነት አለ፤ የብረት ሽቦው እንደ መኪና የፀሐይ መከላከያ ተጠማዝዞ ክብ የሚሆን፣ ሲፈቱት በራሱ ተፈናጥሮ የሚቆም። እሱን መትከል የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። መልሶ ማጣጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ጫካ መሃል ከዚህ ድንኳን ጋር የሚታገል ጎልማሳ ያየ መንገደኛ፣ ዘንዶ የጠመጠመው መስሎት ሊያድነው ይሮጣል።

ለመሆኑ ሰው ጠመንጃ እያለለት ለምን በቀስት ያድናል? አሜሪካ ውስጥ ይህ ሲጠየቅ የኢሺ ስም ይነሣል። ኢሺ ከያሂ ሕዝብ የቀረ የመጨረሻው ሰው ነበር፤ በ1911 እ.ኤ.አ. ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ኦሮቪል ከተማ አጠገብ ብቻውን ከተደበቀበት ወጣ። ሐኪሙ ሳክስተን ፖፕ ቀስት መሥራትንና ማደንን የተማረው ከእሱ ነው። ፖፕ እንደሚተርከው ኢሺ አጋዘን ሊያድን ሲል ዓሣ አይበላም፣ ትምባሆ አያጨስም፤ ማልዶ ወንዝ ወርዶ ይታጠብና ሰውነቱን መዓዛ ባለው ቅጠል ያሻል። ኢሺ በ1916 ሞተ፤ የፖፕ መጽሐፍ በ1923 ታተመ፤ በ1934 ደግሞ ዊስኮንሲን ለቀስተኞች ብቻ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት ከፈተች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ዛሬ በዚያች ግዛት የቀስቱ ወቅት ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጀምሮ እስከ ገና ሰሞን ይዘልቃል። ዋናው የጠመንጃ ወቅት ኅዳር ላይ 9 ቀን ብቻ ነው። ቀስተኛው እንዲህ የተቀማጠለው በችግሩ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከማዶ ሆኖ ይተኩሳል፤ ቀስት የያዘ ግን ሃያ ሠላሳ ሜትር ድረስ መጠጋት አለበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ባዶ እጁን ይመለሳል። ጥበቡ ያ መጠጋት ነው። የዘመኑ ቀስተኛ ችግሩን በብልሃት ፈታው፤ መጠጋቱን ለአጋዘኑ ተወለት።

አሁን ወደ ውስጥ እንዝለቅ። የድንኳኑ ውጪ ቅጠልና ቅርንጫፍ የታተመበት ነው፤ ውስጡ ግን ሰው እንዳይታይ ድቅድቅ ጥቁር ነው። ስለዚህ የሙያው አዋቂዎች ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው የሚመክሩት ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ጓንት፣ ጥቁር የፊት መሸፈኛ ነው። ጸሐፊው ይህን ሲያይ አንድ ነገር ትዝ አለውና ከዚያ ወዲያ ሐሳቡን መሰብሰብ አልቻለም። ድንኳን ተተክሏል። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አይናገርም። ፔርሙዝ ሙሉ ቡና አለ።

ይህ ለቅሶ ነው።

ልዩነቱ ሟቹ ገና በእግሩ እየሄደ መሆኑ ብቻ ነው። ሥርዓቱ እንዲያውም ከእኛው የተሟላ ነው። አጋዘን ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ ካየ ስለሚበረግግ፣ ድንኳኑ ከሳምንታት በፊት ተተክሎ እንዲለምደው ይደረጋል። ሟቹ ድንኳኑን ዞር ዞር ብሎ አይቶ እንዲስማማበት ቀድሞ የሚተክል ዕድር የት አገር አለ? ወለሉ ላይ ያለው ቅጠል ኮሽ እንዳይል ተጠርጎ ምንጣፍ ይነጠፋል። የጋዝ ማሞቂያ ይለኮሳል። አስለቃሽም አትጠፋም፤ የወንዱን አጋዘን ጉርምርምታ የምታስመስል ቱቦ አለች፣ ሲነፉባት የሟቹን ባላንጣ እየጠራች ታንጎራጉራለች። ንፍሮም አለ። ቴክሳስ ውስጥ በግል መሬት ላይ ለአጋዘን በቆሎ መበተን አይከለከልም፤ ሦስት እግር ባለው በርሜል ሥር የተገጠመች በባትሪ የምትሠራ ማሽን በተቀጠረላት ሰዓት በቆሎውን ታዘንበዋለች። ሟቹ ሰዓቱን አክብሮ ይመጣል፣ የራሱን ንፍሮ ይቆረጥማል፣ ይሄዳል። ዊስኮንሲን ውስጥ ግን በ2002 አጋዘንን አመንምኖ የሚገድል የአንጎል በሽታ ስለተገኘ፣ እንስሳቱ አንድ ገበታ ላይ እንዳይሰበሰቡ በብዙ አውራጃዎች ይህ ተከልክሏል። በዚያ ለቅሶው ደረቅ ነው።

ዕድር ከተቋቋመ ደግሞ መተዳደሪያ ደንብ የግድ ነው። አንቀጽ አንድ፦ ሟች በቀብሩ ዕለት ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ በገንዘብ ይቀጣል። አንቀጽ ሁለት፦ ሟች ነፋስ ወደሚነፍስበት በኩል መጥቶ የለቀስተኞቹን ሽታ ካሸተተ በኋላ በአፍንጫው እንፍ ብሎ፣ ነጭ ጭራውን እንደ መሐረብ እያውለበለበ ቢሮጥ፣ ለቀስተኛን እንደ ማዋረድ ተቆጥሮ ሽማግሌ ይላክበታል። አንቀጽ ሦስት፦ ሴቷና ግልገሎቹ መጥተው ቀንዳሙ ካልመጣ ለቅሶው ለነገ ይተላለፋል። አንቀጽ አራት፦ ነገ ሰኞ ከሆነ ለቅዳሜ ይተላለፋል፤ ለቀስተኛው ሥራ አለበት። አንቀጽ አምስት፦ የለቀስተኛ ሽታ ለማጥፋት ኦዞን የሚረጨው ማሽን ባትሪው ካለቀ፣ የድንኳኑ ኃላፊ ተጠያቂ ነው። ኢሺ አንድ ቀን ዓሣ ባለመብላት የጨረሰውን ጉዳይ ዕድሩ በኤሌክትሪክ ይዞታል። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው ሁሉ ሟቹ በሕይወት እያለ ይወጣል። ወቅቱ ረጅም ስለሆነ፣ ጨከን ያለ ቀስተኛ ሰማንያውንም ማውጣት ይችላል።

ሰሜን ቨርጂኒያ ጓሮው ውስጥ ጎመን የተከለ ሐበሻ ይህን ሁሉ ሲሰማ ይስቃል። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ በመላ አሜሪካ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ይባል የነበረው ነጭ ጭራ አጋዘን ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ተጠግቷል፤ ከእነዚያም አንዳንዶቹ ያለ ድንኳን፣ ያለ ማሽን፣ ያለ አስለቃሽ፣ በቀን ብርሃን መስኮቱ ሥር ቆመው ጎመኑን ይግጡታል።

የቀሩት የድንኳኑ ትሩፋቶች በአጭሩ ይነገሩ። ውጪው ላይ የታተመው ቅጠል ሥሩ እንኳ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አጋዘን ግን ዝርዝር ነገር በማየት ከሰው ያንሳል፣ ቀይና ብርቱካናማም አይለይም፤ ከእኛ የሚበልጠው ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃንን በማየት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ቅጠል የተሣለው ለማን ነው? መደብሩ ውስጥ፣ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ለሚያመነታው ገዢ ነው። የተታለለው እንስሳ እሱ ነው።

ሕጉም አለ። በዊስኮንሲን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት መሬት ላይ፣ በጠመንጃ ወቅት የተተከለ ድንኳን ከየአቅጣጫው የሚታይ ቢያንስ 144 ስኩዌር ኢንች የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ቀለም ማሳየት አለበት፤ ሌላ አዳኝ እንዳይተኩስበት። ላለመታየት መቶ መቶ ዶላር የቆጠረ ሰው ለመታየት ጨርቅ ይሰቅላል።

ውርወራውም የራሱ ጉድ አለው። የቀስቱ ማነጣጠሪያ ከፍላጻው ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ዓይን በመስኮቱ አጥርቶ ሲያይ ፍላጻው ከመስኮቱ ደፍ በታች ሊሆን ይችላል። የጸሐፊው ወዳጅ አንድ ጊዜ ግሩም ቀንድ ያለው አጋዘን አነጣጥሮ የራሱን ድንኳን ወግቷል፤ ስፌቱ እስካሁን አለ። የጥንቱ የጎጃምና የጎንደር አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ይፎክር ነበር። ይህኛው ምን ይበል? "ዘራፍ! ዚፕ ጎታቹ፣ ወንበር አሽከርካሪው፣ ማሞቂያ ሥር ቁጭ ብሎ ድንኳን የጣለው!"

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይብቃ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው፣ አርፎ የማይቀመጥ ልጁን ይዞ የሚወጣ አባት፣ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ማማ መውጣት ያቃተው አዛውንት ድንኳን ቢተክል የሚነቅፈው የለም፤ ከማማ ወድቆ መሰበርም በየዓመቱ የሚያጋጥም ነው። ጸሐፊውን ያበገነው ሌላኛው ነው፤ ጤነኛው፣ ጎልማሳው፣ ስለ ጥንታዊው የቀስት ጥበብ ሲሰብክ አምሽቶ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ስልኩን ሲነካካ የሚያረፍደው። ዊስኮንሲን ውስጥ ያስተማረው፣ ቀስቱን በገዛ እጁ ይሠራ የነበረው አልዶ ሊዮፖልድ፣ ከሞተ በኋላ በ1949 በታተመው መጽሐፉ የአደን ዕቃ ጋጋታ ስፖርቱን እየበላው መሆኑን አማርሮ ጽፏል፤ ያኔ ድንኳኑ ገና አልተፈለሰፈም። ረጅሙ ወቅት የተሰጣችሁ ሥራው ከባድ ስለሆነ ነው። ካቀለላችሁት ወቅቱን መልሱ። ሲያልቅም ድንኳናችሁን ነቅላችሁ ውጡ። ጸሐፊው በዚያው ጫካ በረዶ ያደቀቃቸው፣ ዘንጋቸው ጨርቁን ቀዶ የወጣ ሁለት ድንኳኖች አይቷል። ቆሻሻ ናቸው፤ ሌላ ስም የላቸውም።

ያን ዕለት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ተቀመጡ፤ ምንም አልመጣም። ጸሐፊው የኋላውን መስኮት ገርበብ ላድርገው ብሎ ነበር፤ ወዳጁ አጥብቆ ከለከለው። ከጀርባ ብርሃን ከገባ የሰውን ጥላ ያጋልጣል። ቡናው ሲያልቅ በሩ እንደገና ዝርርር ብሎ ተከፈተ። ጸሐፊው የደነዘዘ እግሩን ሊያፍታታ ድንኳኑን ዞረ። ከበስተኋላ፣ ከተዘጋው መስኮት ሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ ሣሩ ተግጧል፤ ጤዛው ላይ የሰኮና ዱካ አለ፤ ከአጠገቡ ጢሱ ያላቆመ በጠጥ ተቆልሏል።

"ና እይ" አለው ወዳጁን፣ "ሟቹ ለቅሶ ደርሶ ሄዷል።"

ወዳጁ ቁጢጥ ብሎ በጠጡን በእንጨት ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና፣ "ነገ ሁለተኛ ድንኳን አመጣለሁ" አለ፤ "በዚህ በኩል እተክለዋለሁ።"