በመኪና የሚወጣ ተራራ

እንግሊዞች «የሦስቱ ጫፎች ፈተና» የሚሉት ነገር አላቸው። የስኮትላንዱን ቤን ኔቪስ፣ የእንግሊዙን ስካፌል ፓይክና የዌልሱን ስኖውደን በ24 ሰዓት ውስጥ ወጥቶ መውረድ ነው። ተፈታኙ በእግሩ የሚሄደው 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፈው ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። ፈተናው እንግዲህ በዋናነት የወገብ ነው። ዘመዱ፣ ጎረቤቱና የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ለዚህ ጀግንነት ኪሱን ይፈታል፤ ገንዘቡም ለበሽተኛ፣ ለሙት ልጅ ወይም ለአፍሪካ ውሃ ይላካል። ሌሊቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚያድረው ሾፌር ግን አምስት ሳንቲም አይለገስበትም። ተራራ አልወጣማ!

ከሦስቱ ረጅሙ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። የደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ከተማ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ቤን ኔቪስ ቢነባበሩ ጫፋቸው ደብረ ታቦር ገበያ ድንቿን ዘርግታ ከተቀመጠች እናት እግር ሥር ቢደርስ ነው። ሦስቱም ተደምረው 3,408 ሜትር ይሞላሉ፤ በአጠገቧ ያለው የጉና ተራራ ብቻውን ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ስሌት ጉና ወገብ ላይ ገብስ የሚያርሰው ገበሬ እስካሁን ሚሊየነር መሆን ነበረበት። ደግነቱ አልሆነም። ቢሆን ኖሮ ማን ይረዳ ነበር?

የዚህ በጎ አድራጎት ሕግ አንድ ነው፤ ድሃ መቸገሩ ብቻውን ለመርዳት በቂ ምክንያት አይደለም። «ንጹሕ ውሃ ያጣ ልጅ አለ» ሲባል ሰው ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። «የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ለዚያ ልጅ ሲል ተራራ ሊወጣ ነው» ሲባል ግን ቢሮው በሙሉ ይነቃነቃል። ለውሃ ጉድጓድ የሚሆን ገንዘብ የሚገኘው የአንድ ደኅና ሰው እግር ውሃ ሲቋጥር ነው። ልጁ ውሃ ለመቅዳት በየቀኑ የሚቋጥረው ውሃ ከሒሳብ አይገባም። እሱ ለምዶታል ይባላል።

ትልቁ መድረክ ኪሊማንጃሮ ነው፣ 5,895 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2009 ጋሪ ባርሎውና ቼሪል ኮልን ጨምሮ ዘጠኝ የብሪታንያ ታዋቂ ሰዎች ለኮሚክ ሪሊፍ በጎ አድራጎት ድርጅት ወጥተውት ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለወባ መከላከያ አጎበር አሰባስበዋል። በዓመቱ፣ ጥር 2002 ዓ.ም. ላይ፣ የእኛው ሰው ተራ ደረሰ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሙዚቀኛ ኬና ዘመድኩን ተዋናይዋን ጄሲካ ቢልን፣ ራፐሩን ሉፔ ፊያስኮንና ሌሎችንም አስከትሎ ለንጹሕ ውሃ ሲል ኪሊማንጃሮ ጫፍ ወጣ። ኤምቲቪም ጉዞውን በፊልም አሳየ። የኬና ምክንያት የሚቀለድበት አይደለም፤ አባቱ በልጅነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ በውሃ ወለድ በሽታ ተሠቃይተዋል። አጎበሩም እውነተኛ አጎበር ነው፣ ውሃውም እውነተኛ ውሃ። የሚያስገርመው ሌላ ነው፤ የአንድ አባት ሕመም ሰሚ እንዲያገኝ የሆሊውድ ተዋናይት ቀዝቃዛ ድንኳን ውስጥ ስታለከልክ መታየት ነበረባት።

ኪሊማንጃሮ ላይ ደግሞ ከካሜራው ወዲያ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ለአንድ ተራራ ወጪ ሦስት አራት ሸካሚ የተለመደ ነው፤ ድንኳኑን፣ ምጣዱን፣ ወንበሩን፣ አንዳንዴም ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤቱን ተሸክመው ከወጪው ቀድመው ይደርሳሉ። ሸክማቸው ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ደንብ ወጥቶላቸዋል፤ በየበሩም ይመዘናል። መልካም ደንብ ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከምንጭ የምትመለስ ልጅ ጀርባ ላይ ያለው ቢጫ ጀሪካንም 20 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። የእሷን የሚመዝን የለም። የፓርክ በር የላትም፣ ጫፍ ስትደርስ የምትነሣው ፎቶም የለም፤ ጫፉ ቤቷ ነዋ።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ተራራ የተደረገ ጉዞ ከተነሣ ግን የዘመኑ ተጓዦች አንገታቸውን ይድፉ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። የመነሻው ሥነ ሥርዓት ደብረ ታቦርን ማቃጠል ነበር። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተሠራ ተኬደ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በዚያው ወቅት ከባሕሩ በኩል ደግሞ ሌላ የተራራ ወጪ ቡድን ይመጣ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ወታደርና 44 ዝሆን አሰልፎ፣ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ወጪ አስወጥቶ፣ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ጥቂት እስረኞች ለማስፈታት። ዓላማው የተቀደሰ ነበር። ሲመለስ ግን የመቅደላን ዘረፋ ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገ። ለበጎ ሥራ ተራራ ወጥቶ ባዶ እጁን የማይመለስ ሰው ያን ጊዜም ነበር ማለት ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለው ጉዞ ወደ ጉና ቢዘጋጅ እንዴት እንደሚያምር መገመት አያዳግትም። በእርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ የዚህ አገር መንገድ ከተራራው የባሰ ፈተና ሆኗል፤ ያን ፈተና በየቀኑ የሚፈተነው መንገደኛም ቲሸርት አልታተመለትም። መንገዱ ሰላም ሆነ እንበል። ተጓዡ ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ይነሣል። ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ወደ ደጀን ይወጣል፤ በጉዞው ሁሉ የሚወጣው ትልቁ ዳገት ይኸው ነው፣ የሚወጣውም ሞተሩ ነው። ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ይበላል። ወረታ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩትን መንገድ ይይዛል። ደብረ ታቦር ሲገባ ከጉና ቁመት ሁለት ሦስተኛው በናፍጣ ተወጥቶ አልቋል። የቀረችው ሲሶ የበቅሎ ድርሻ ናት።

ወጪውን ማን ይሸፍናል? እዚህ ላይ ነው ጥበቡ። በውጭ አገር ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ጉዞዎች ተሳታፊው ከለጋሾች ማሰባሰብ ያለበትን ዝቅተኛ መጠን ይወስኑና ከተሰበሰበው ላይ የጉዞውን ወጪ ይቀንሳሉ። አክስት ለተቸገረ ብላ የሰጠችው ገንዘብ ከፊሉ ለሆቴል፣ ከፊሉ ለመግቢያ፣ የቀረው ለተቸገረው ይደርሳል። የቡሄ ልጆች በዚህ በኩል ኋላ ቀር ናቸው። ነሐሴ ላይ ጅራፋቸውን አጩኸው፣ በየደጁ ሆያ ሆዬ ብለው፣ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጨፍረው ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ሙልሙሉም ለራሳቸው መሆኑን ለማንም አይደብቁም። በዓሉ እኮ የተራራ በዓል ነው! አንድ አማካሪ ቢያገኙ «ለሕፃናት ምግብ» ብለው ባስከፈሉ ነበር። ውሸትም አይሆንባቸው።

የጉናን ዳገት ለሌላ ሰው ጥቅም ብሎ የሚወጣ ካስፈለገ እሱም አለ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ አፈሩንም ይዘው ይሄዳሉ። በየዓመቱ ጥር አካባቢ የክልሉ ገበሬ ዶማና አካፋውን ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ድንጋይ ይክባል፣ ክፍያው «ነጻ ጉልበት» የሚል ቃል ነው። የሚጠቀመው የታችኛው የፎገራ ሩዝ አምራችና ጣና ራሱ ነው። የሚወጣው ገበሬ ቀርቶ ቢያርፍ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ በጎ ፈቃደኛ ይባላል። ሥራውን ስፖንሰር ያደረገ ኩባንያ እስካሁን አልተሰማም። ችግሩ ዳገቱ ላይ ተወልዶ ማደጉ ነው፤ እዚያው የሚኖርበትን ሰው «ተራራውን አሸነፈ» ብሎ ፖስተር ማተም ይከብዳል።

ስለዚህ ለአዘጋጆች አንድ ትንሽ ሐሳብ። ስሙ «ጉና ለነገ» ቢሆን፣ ቲሸርቱ አረንጓዴ ቢሆን፣ ጅብራው አጠገብ የቡድን ፎቶ ቢነሣ። ተሳታፊው እግሩ ሲዝል ወደ ታች ወርዶ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይግባ፤ ለዓመታት የወገብና የጉልበት ሕመም ያሠቃያቸው እናቶች ወረፋ ይዘው ያገኛቸዋል። አንድ ቀን ተራራ ወጥቶ ጉልበቱን ያመመው እንግዳ መሆኑን አስተባባሪው ያስረዳቸውና ቅድሚያ ይለቁለታል። ወጪው በ«ልዩ ልዩ» ይያዛል።